ለአሜሪካ ኮሌጅ ማመልከቻ ኤሴይ አጻጻፍ፦ ከጥሬ ሐሳብ እስከ ማስገባት

አንድ ተማሪ ለአሜሪካ ኮሌጅ ሲያመለክት ትራንስክሪፕቱን ትምህርት ቤት ያወጣል፣ የምክር ደብዳቤውን መምህራን ይጽፋሉ፣ የባንክ ማስረጃውን ቤተሰብ ያቀርባል። በተማሪው እጅ ብቻ የሚቀረው ኤሴዩ፣ ማለትም ስለ ራሱ የሚጽፈው ድርሰት፣ ነው። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ማመልከቻ የሚቀበሉት ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ መድረክ ስለሆነ ይህ መመሪያ በዋናነት የሱን ሕግ ይከተላል። እዚያ የሚጻፈው ዋና ኤሴይ አንድ ነው፤ ኤሴይ ለሚጠይቁት ኮሌጆች ሁሉ ያው ይላካል። ርዝመቱ ከ250 ቃል ያላነሰ፣ ከ650 ያልበለጠ ነው። የሚቆጠረው የእንግሊዝኛው ቃል ነው፤ በአማርኛ ያረቀቃችሁት 400 ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር 650 ሊሞላ ይችላልና በአማርኛው ቁጥር አትመኑ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የቱ ነገር የት ይጻፋል?

የኮሌጁ የአድሚሽን (የቅበላ) አንባቢ ኤሴዩን ብቻውን አያነብም። ውጤታችሁ፣ የመምህራችሁ ደብዳቤና የአክቲቪቲ ዝርዝራችሁ አብረው ከፊቱ አሉ። ዝርዝሩ ላይ እስከ 10 እንቅስቃሴ ይመዘገባል፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል፣ ክፍት ቦታውን ጨምሮ፣ ይፈቀዳል። «ከክፍሌ አንደኛ ነኝ፣ የሚኒ ሚዲያ ሰብሳቢ ነበርኩ፣ የቀይ መስቀል ክበብ አባል ነኝ» የሚለው ሁሉ ቦታው እዚያ ነው። ኤሴዩ ላይ ስትደግሙት አንባቢው አዲስ ነገር አላገኘም፣ እናንተም 100 ቃል አባክናችኋል።

ሁለት ሌሎች ሳጥኖችም አሉ፣ ብዙ ተማሪ ባዶ ይተዋቸዋል። አንዱ የገጠማችሁን ችግርና የኑሮ ሁኔታ የሚጠይቅ ሲሆን 250 ቃል ይይዛል። ሌላው የተጨማሪ መረጃ ሳጥን ነው፤ ከ2025–26 የማመልከቻ ዘመን ጀምሮ ለመጀመሪያ ዓመት አመልካቾች የሚፈቅደው 300 ቃል ነው። በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤታችሁ ተዘግቶ የከረመ ከሆነ፣ ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠ ከሆነ፣ ተፈናቅላችሁ ትምህርት ቤት የቀየራችሁ ከሆነ፣ እዚያ በደረቁ ጻፉት፦ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው፣ ምን ተዘጋ፣ በዚያ ጊዜ በምን አጠናችሁ። የብሔራዊ ፈተናውም ነገር እንዲሁ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ነጥባችሁ 64 ከመቶ ከሆነ የአሜሪካ አንባቢ ዝቅተኛ ሊመስለው ይችላል። በጥር 2015 ዓ.ም. በይፋ በተነገረው ውጤት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ግን አያውቅም። እናንተም የተፈተናችሁበትን ዓመት ቁጥር ከትምህርት ሚኒስቴር መግለጫ ወስዳችሁ በተጨማሪ መረጃው ሳጥን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡት። ይህ ሁሉ ከኤሴዩ ሲወጣ ኤሴዩ ይቀለዋል።

ጊዜውን ከኋላ ቁጠሩ

ኮመን አፕ ለአዲሱ ዘመን የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኦገስት 1፣ ማለትም ሐምሌ 25 ቀን ነው። ቀድሞ መልስ የሚሰጠው ዙር፣ ኧርሊ የሚባለው፣ በብዙ ኮሌጆች ኖቬምበር 1 (ጥቅምት 22) ወይም ኖቬምበር 15 ይዘጋል፤ መደበኛው ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 1 (ታኅሣሥ 23) አካባቢ። ኢትዮጵያ ያለ ተማሪ ሰኔና ሐምሌን ለፈተና ስለሚሰጥ፣ እውነተኛው የኤሴይ ጊዜው ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ያለው ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው።

አንዱን ሳምንት ለማሰባሰብ፣ አንዱን ለመምረጥና ለመጀመሪያው ረቂቅ ስጡ። ከዚያ ረቂቁን ለአራት አምስት ቀን ጭራሽ አትክፈቱት። ሁለት ሳምንት እንደገና ለመጻፍ፣ አንድ ሳምንት ለሌላ ሰው ለማስነበብ፣ የቀረው ለማረምና ለሰፕሊመንቶቹ፣ ኮሌጆቹ ለሚጨምሯቸው አጫጭር ጥያቄዎች፣ ይሁን። በሦስት ቀን ተጽፎ የገባ ኤሴይ የሚታወቀው በመጀመሪያው አንቀጽ ነው፦ አንደኛው ሐሳብ ሳይጣራ ገብቷል፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ደግሞ የሁሉም ሰው ሐሳብ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥሬውን ሰብስቡ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ለ40 ደቂቃ ተቀመጡ። በአማርኛ፣ ወይም ቤት ውስጥ በምትናገሩት ቋንቋ ጻፉ፤ ትዝታ በተኖረበት ቋንቋ ሲጠራ ቶሎ ይመጣል። መጻፍ የሚከብደው ቴሌግራም ላይ ለራሱ ድምፅ እየቀዳ ይናገር፣ በኋላ ይገለብጠዋል። መነሻ የሚሆኑ ጥያቄዎች እነሆ፦

– ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ለእናንተ የሚተወው ሥራ የቱ ነው? ለምን ለእናንተ?
– ማንም ሳያዛችሁ፣ ማንም ሳያይ የምትሠሩት ነገር ምንድን ነው?
– ሰው ምን ሲቸግረው ነው ወደ እናንተ የሚመጣው?
– ተከራክራችሁ የተሸነፋችሁበት ጉዳይ አለ? ከዚያ በኋላ ምን አደረጋችሁ?
– አበላሽታችሁ ራሳችሁ ያስተካከላችሁት ዕቃ?
– ባለፈው ወር ስልካችሁ ላይ የፈለጋችሁት፣ ከፈተና ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ነገር?

እያንዳንዱ መልስ ሥር ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ቦታውን፣ አንድ ዕቃ፣ አንድ ሰው በትክክል የተናገረውን ቃል። «አያቴን እረዳለሁ» የሚል መስመር ገና ጥሬም አይደለም። «አያቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን ጠዋት ትውጥና ማታ 'ወስጃለሁ እንዴ?' ትለኛለች፣ ክኒኖቹን በካላንደር ላይ በፕላስተር መለጠፍ ጀመርኩ» ሲሆን ግን በእጅ የሚያዝ ነገር ሆነ። አሥራ አምስት እንዲህ ያለ መስመር ሳይሞላ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ። የሚጠቅመው አብዛኛውን ጊዜ ከአሥረኛው በኋላ የሚመጣው ነው።

ደረጃ 2፦ መምረጥ

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሥራ የሚበላሸው፤ ረጋ በሉ።

ከአሥራ አምስቱ መስመሮች ሦስት ምረጡና እያንዳንዱን በሦስት ፈተና አሳልፉት። አንደኛ፦ በታሪኩ ውስጥ እናንተ የወሰናችሁት ነገር አለ ወይ? የደረሰባችሁ ብቻ ከሆነ አይበቃም። ሁለተኛ፦ ስማችሁ ተፍቆ የጓደኛችሁ ስም ቢገባበት ታሪኩ ሳይዛነፍ ይሄዳል ወይ? የሚሄድ ከሆነ የእናንተ አይደለም። ሦስተኛ፦ ሳትቆሙ ስለሱ አሥር ደቂቃ መናገር ትችላላችሁ ወይ? በሦስት ደቂቃ የሚያልቅባችሁ ርዕስ 650 ቃል አይሞላም፤ በጌጥ ቃላት ትሞሉታላችሁ።

ከኢትዮጵያ በሚላኩ ኤሴዮች በጣም የሚደጋገሙት አራት ናቸው፦ ሀገሬን ከድህነት አወጣለሁ፤ የታመመ ዘመድ አይቼ ሐኪም ልሆን ወሰንኩ፤ እናቴ ለእኔ የከፈለችው መሥዋዕትነት፤ እና በዐድዋ፣ በሉሲ፣ በቡና ሥነ ሥርዓት የሚጀምር የሀገር ማስተዋወቂያ። የመጨረሻው ለቱሪስት መጽሔት ይሆናል እንጂ ለዚህ አይሆንም። ከሀገር ውጭ ተወልደው ወይም በልጅነታቸው ሄደው ያደጉ ልጆች ደግሞ የራሳቸው ሦስት አሏቸው፦ ምሳ ዕቃ ውስጥ ያለ እንጀራ አሳፍሮኝ ነበር አሁን ግን እኮራበታለሁ፤ ለወላጆቼ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ በክረምት ኢትዮጵያ ሄጄ ማንነቴን አገኘሁ።

እነዚህ ርዕሶች ክልክል አይደሉም። ሌላው ሰው ሁሉ ከሚያቆምበት አንድ እርምጃ ማለፍ ግን ግዴታ ነው። የአስተርጓሚውን ልጅ ውሰዱ። «በአሥር ዓመቴ ክሊኒክ ውስጥ ለእናቴ አስተረጎምኩ፣ ኃላፊነት ተማርኩ» ብሎ ካቆመ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ጽፈውታል። ነገር ግን ሐኪሙ የተናገረውን ከባድ ነገር እናቱን ላለማስደንገጥ አለዝቦ ነግሯት ከሆነ፣ ከዚያም እናቱ መድኃኒቱን ችላ ስትል አይቶ እንደገና ቁጭ አድርጎ እውነቱን ከነገራት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ላይም ቃል በቃል ለመተርጎም ከወሰነ፣ ያ ኤሴይ ነው። ውሳኔ አለው፣ ስሕተት አለው፣ የጸሐፊው ጭንቅላት ሲሠራ ይታያል።

የእናት ኤሴይ ለብቻው ይነሣ፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ በጣም የበዛው እሱ ነው። ስለ እናት መጻፍ መልካም ነው፤ ችግሩ ኤሴዩ ሲያልቅ አንባቢው እናትየዋን ለመቀበል መፈለጉ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ረቂቁን አትሙና የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ባለቤት አስምሩ፦ «እናቴ» የሆነውን በአንድ ቀለም፣ «እኔ» የሆነውን በሌላ። ከሦስቱ ሁለት እጅ የእናንተ ካልሆነ የእናታችሁን ክፍል ወደ 150 ቃል አውርዱት።

መከራን የሚመለከተውም በዚሁ ሚዛን ይታያል። ሞት፣ ስደት፣ ጦርነት ያለበት ኤሴይ አንባቢውን ሊያሳዝን ይችላል፤ ሐዘኔታ ግን ለቅበላ ምክንያት አይሆንም። መከራው ከአጠቃላዩ አንድ ሦስተኛ አይብለጥ፤ ቀሪው ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው። ገና ሳታለቅሱ መጻፍ የማትችሉት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ለዚህ አታውሉት። ማንም የማያውቀው ሰው በጥቂት ደቂቃ አንብቦ እንዲመዝነው ልታቀርቡት አይገባም።

አሜሪካ ላደጉት አንድ ነገር እንጨምር። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 29 ቀን 2023 ኮሌጆች ዘርን ራሱን እንደ መመዘኛ እንዳይጠቀሙ ከልክሏል። በዚያው ውሳኔ ላይ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ፣ አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ከጻፈ ኮሌጁ ያንን ማየት እንደሚችል፣ ነገር ግን ከራሱ ከተማሪው ጠባይ ወይም ችሎታ ጋር መያያዝ እንዳለበት አስፍረዋል። በተግባር ሲታይ «ጥቁር ነኝ፣ የስደተኛ ልጅ ነኝ» ብሎ ማወጅ አይሠራም። ያ ሁኔታ ምን እንድታደርጉ እንዳደረጋችሁ መታየት አለበት።

ደረጃ 3፦ ፕሮምፕቱን በመጨረሻ ምረጡ

ኮመን አፕ ሰባት ፕሮምፕት፣ ማለትም የኤሴይ መነሻ ጥያቄ፣ አለው። ማንነታችሁ ወይም የተለየ ፍላጎታችሁ፤ የገጠማችሁ እንቅፋት ወይም ውድቀት፤ የተጠራጠራችሁት እምነት ወይም ሐሳብ፤ ያመሰገናችሁት የሰው ደግነት፤ ያሳደጋችሁ ክንውን ወይም ግንዛቤ፤ ጊዜን የሚያስረሳችሁ ጉዳይ፤ ሰባተኛው ደግሞ የፈለጋችሁትን ርዕስ ጻፉ ይላል። ሰባተኛው ስላለ ማንኛውም ጥሩ ታሪክ ቤት አያጣም። ታሪኩን ጻፉና የሚቀርበውን ፕሮምፕት ምልክት አድርጉ፤ በፕሮምፕት ምርጫ ማንም ነጥብ አይሰጥም፣ አይቀንስምም።

ደረጃ 4፦ ቃላቱን አከፋፍሉ

ከመጻፋችሁ በፊት 650ውን በወረቀት ላይ በጅቱ። የሚያስኬድ ክፍፍል ይህን ይመስላል፦ መክፈቻ ትዕይንት 100 ቃል፣ አንባቢው ማወቅ ያለበት ዳራ 70፣ የሠራችሁት ሥራና የገጠማችሁ ችግር 250፣ ሐሳባችሁ የተቀየረበት ወይም የተፈተነበት ቦታ 150፣ አሁን ያላችሁበት 80። የትምህርት ቤቱ ልማድ መግቢያውን ያስረዝማል፣ መደምደሚያውን በምክር ይሞላል። እዚህ ግን መሐሉ ነው የሚከብደው። መግቢያው 200 ቃል የሆነ ረቂቅ ሲመጣ ያለ ርኅራኄ የመጀመሪያውን አንቀጽ ሙሉ ሰርዙትና ከሁለተኛው ጀምሩ፤ ከአሥር ስምንት ጊዜ ምንም አይጎድልም።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ረቂቅ

ጥሬውን በአማርኛ ብትሰበስቡም ረቂቁን በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጻፉ። አማርኛውን አስውባችሁ ጨርሳችሁ ብትተረጉሙት ዓረፍተ ነገሩ ይንዛዛል። በአማርኛ «ተነሥቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ» ማለት ያምራል፤ ያው በእንግሊዝኛ ሲደረደር አራት ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ ይሆናል። ከ30 ቃል የበለጠ ዓረፍተ ነገር ካያችሁ ለሁለት ክፈሉት።

አሁን አንድ ናሙና በቅርብ እንይ። ለዚህ መመሪያ ብለን ያዘጋጀነው ነው። ተማሪዋ የዕድር ጸሐፊ የሆነ አባቷን መዝገብ በመጻፍ ታግዛለች። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይጀምራል፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ኅብረተሰቤን ማገልገል እወዳለሁ። በሀገራችን ዕድር የሚባል ጥንታዊና ጠቃሚ ባህላዊ ተቋም አለ። በዚህ ተቋም ውስጥ በመሳተፌ የአመራር ክህሎትን፣ ትዕግሥትንና ኃላፊነትን ተምሬያለሁ።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ አንድም የሚታይ ነገር የለም። ሁለተኛው ስለ ሀገር ነው፣ ሦስተኛው ገና ታሪኩ ሳይነገር ትምህርቱን አውጥቶ ጨርሷል። ይኸው ሲታረም፦

«የዕድራችን መዝገብ አረንጓዴ ጥራዝ ነው። ከቀብር የቀረ ሰው በስሙ ትይዩ በቀይ ይጻፍበታል፤ ቀይ ማለት ሃያ ብር ቅጣት ነው። የአባቴ ዓይን ስለደከመ ቀዩን እስክሪብቶ የምይዘው እኔ ነኝ። በመጋቢት ገጾቹን ወደ ኋላ ስገልጥ ቀዮቹ በስድስት ስሞች ላይ ተከማችተው አየሁ። ስድስቱም የቀን ሠራተኞች ናቸው። ቀብር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሥራ ሰዓት ነው።»

«አመራር» የሚል ቃል የለም፣ ግን ልጅቷ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ይታያል፦ ዝርዝር ውስጥ ሥርዓት ታያለች፣ የሥርዓቱም ጉዳት ይቆረቁራታል። ቀጥሎ የሚመጣው ሥራው ነው። የሁለት ዓመት ገጽ ትቆጥራለች፤ ማታ ለቅሶ የደረሰ ሰው ግማሽ እንዲቆጠርለት ለዕድሩ ዳኛ ሐሳብ ታቀርባለች፤ ዳኛው «ሕግ ሕግ ነው» ይሏታል። ጠቅላላ ጉባኤው እስኪሰበሰብ ድረስ ግን በማታምንበት ቀይ መጻፏን ትቀጥላለች ወይስ እስክሪብቶውን ትመልሳለች? የኤሴዩ ልብ እዚህ ነው። ሕጉ በመጨረሻ ባይቀየር እንኳ ኤሴዩ ይቆማል። እንዲያውም ሁሉም ነገር በድል ያለቀበት ኤሴይ አንባቢን ያጠራጥራል።

ዕድር ምን እንደሆነ አንባቢው አያውቅም። አንድ አንቀጽ አታባክኑበት፤ «ጎረቤቶች በየወሩ እያዋጡ ሞት ሲመጣ የሚቀባበሩበት ማኅበር» ይበቃዋል። ለዕቁብ፣ ለማኅበር፣ ለቀበሌ፣ ለሚኒስትሪ ፈተና ሁሉ ሕጉ አንድ ነው፦ ታሪኩን ለመከተል የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ፣ በግማሽ ዓረፍተ ነገር። ሃያ ብሩንም በዶላር አትመንዝሩት፣ ምንዛሪው ይቀያየራል፣ ትርጉሙም ይጠፋል። «የምሳው ዋጋ» ወይም «የሁለት ቀን ትራንስፖርት» ስትሉ ይገባዋል።

ደረጃ 6፦ «እኔ» ማለትን አትፍሩ

ይህ የእኛ ልጆች ልዩ ችግር ነው። ስለ ራስ ማውራት ነውር ተብሎ ያደገ ተማሪ «እኔ» በሚገባበት ቦታ ሁሉ «እኛ» ይላል፣ ወይም «ተደረገ፣ ተዘጋጀ፣ ተሰበሰበ» እያለ ሠሪውን ይደብቃል። የአሜሪካው አንባቢ ይህን እንደ ትሕትና አያነበውም፤ «ይህ ልጅ በትክክል ምን ሠራ?» ብሎ መልስ ያጣል። ከባሰም ሌላው ሰው ሠርቶት እሱ ያጨበጨበ ይመስለዋል።

ጉራና ዘገባን መለየት ያስፈልጋል። ጉራ በቅጽል ይመጣል፦ ትጉህ ነኝ፣ ቅን ነኝ፣ ቁርጠኛ ነኝ። ዘገባ በግሥ ይመጣል፦ ቆጠርኩ፣ ጠየቅሁ፣ ፈራሁ፣ እንደገና ሞከርኩ። ስለዚህ ረቂቁን ይዛችሁ ሁለት ዙር ሂዱ። በመጀመሪያው ዙር ስለ ራሳችሁ የተናገራችሁትን ቅጽል ሁሉ ሰርዙ። በሁለተኛው «እኛ» የሚለውን እያንዳንዱን አስቁማችሁ «ከእኛ ውስጥ እኔ ምን አደረግሁ?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ። የሌላውን ሰው ድርሻ ስሙን ጠርቶ መስጠት ደግሞ ምንም ቃል አያስከፍልም፤ ትሕትናው ያለው እዚያ ነው።

ደረጃ 7፦ ከ900 ወደ 650

ጤነኛ የመጀመሪያ ረቂቅ 850 እስከ 950 ቃል ይሆናል። ቅነሳው በቅደም ተከተል ይካሄድ። መጀመሪያ ሙሉ አንቀጾችን፣ ቀጥሎ ዓረፍተ ነገሮችን፣ በመጨረሻ ቃላትን። ከቃል የሚጀምር ሰው ሁሉንም ዓረፍተ ነገር ያኮሰምናል፣ ርዝመቱ ግን አይቀንስለትም።

በመጀመሪያ የሚወጡት እነዚህ ናቸው፦ በተረትና ምሳሌ ወይም በታላቅ ሰው ጥቅስ መክፈት፤ የመዝገበ ቃላት ፍቺ፤ «ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር» የሚለው ሐረግና የሚከተለው ምክር፤ «ሕይወቴን ለዘለዓለም የቀየረ»፤ ለቶፍልና ለኤስኤቲ ፈተናዎች የተሸመደዱ ከባድ ቃላት። «ዩቲላይዝ» ያላችሁትን «ዩዝ» በሉት። ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ምላሳችሁ የሚደናቀፍበት ቃል የእናንተ አይደለም።

ከዚያ ወደ ስሕተት ለቀማ። በአማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ላይ ሦስት ነገር ይደጋገማል፦ «ዘ» እና «ኤ» መዝለል፤ ያለፈ ጊዜ ጀምሮ በመሐል ወደ አሁን ጊዜ መሸጋገር፤ በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ «ነገር ግን» እና «ከዚህም በተጨማሪ» መደርደር። ለእያንዳንዱ ለብቻ አንድ ዙር ንባብ ስጡ፤ በአንድ ዙር ሁሉን ለመያዝ ስትሞክሩ ግማሹ ያመልጣል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ ወደ ፈረንጅ መልሱ። «በ2015» ብላችሁ ከተዋችሁት አንባቢው ገና ትንሽ ልጅ ሆናችሁ ሳለ የሆነ ነገር አድርጎ ይወስደዋል።

ደረጃ 8፦ ማን ያንብበው?

ሁለት ሰው፣ ቢበዛ ሦስት። አንዱ በደንብ የሚያውቃችሁ፣ አንዱ ጨርሶ የማያውቃችሁ ይሁን። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ጥሩ ነው» ይሏችኋል። ይልቁንስ፦ «አንብበህ ስትጨርስ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የት ላይ ሰለቸህ? ያልገባህ የቱ ነው?» በሉ። የማያውቃችሁ ሰው የሰጠው መልስ ልታሳዩት ከፈለጋችሁት የራቀ ከሆነ ቃል ማስተካከል አይበቃም፤ ትዕይንቱን ቀይሩት። የእንግሊዝኛ መምህራችሁ ሰዋስው ያርሙላችሁ፣ ቀይ እስክሪብቷቸው ግን የእናንተን ዓረፍተ ነገር ወደ መማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ እንዳይቀይረው ጠብቁ። 17 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ 45 ዓመት ሰው ሲጽፍ ይታወቃል።

ገንዘብ ተቀብለው የሚጽፉ ደላሎች ዘንድ አትሂዱ። ያው ጽሑፍ ስምና ሰፈር ተቀይሮ ለብዙ ሰው ይሸጣል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈውን እንደ ራስ ሥራ ማቅረብም ከ2023 ጀምሮ በኮመን አፕ የማጭበርበር ደንብ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ ኮሌጆችም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ድረ ገጻቸውን እዩ። ሌላም ተግባራዊ ምክንያት አለ። ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱ ብዙ ተማሪዎች የሚወስዱት የዱዎሊንጎ እንግሊዝኛ ፈተና ከውጤቱ ጋር የጽሑፍ ናሙና ለኮሌጁ ይልካል። ፈተናው ላይ ያለው እጅና ኤሴዩ ላይ ያለው እጅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ይጮኻል።

ደረጃ 9፦ ሰፕሊመንት

ብዙ ኮሌጆች ከዋናው ኤሴይ ሌላ የራሳቸውን አጫጭር ጥያቄ ይጨምራሉ። በጣም የተለመደው «ለምን እኛን መረጥክ?» ነው። መልሱ የኮሌጁን ዝና፣ የአየር ጠባዩን ወይም ከተማውን ማሞገስ አይደለም። የኮርስ ዝርዝሩን ከፍታችሁ ሁለት ኮርስ፣ አንድ የምርምር ክፍል ወይም ክበብ በስም አውጡና እስካሁን ከሠራችሁት ነገር ጋር አያይዙ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የኮሌጁን ስም በሌላ ቀይሩት፤ መልሱ አሁንም ልክ ከሆነ እንደገና ጻፉ።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ልጆች፣ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ግቢዎች ኮመን አፕን አይጠቀሙም። የራሳቸው ማመልከቻ ስምንት ጥያቄ አለው፤ አራቱን መርጣችሁ ለእያንዳንዱ እስከ 350 ቃል ትመልሳላችሁ። እዚያ ትዕይንትና ድባብ ቀንሱ፣ ጥያቄውን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መልሱና ማስረጃውን አስከትሉ። የ650 ቃሉን ኤሴይ ቆራርጦ እዚያ መለጠፍ አይሠራም። ኤምአይቲም የራሱ ማመልከቻና የራሱ አጫጭር ጥያቄዎች አሉት።

ደረጃ 10፦ ማስገባት

ኤሴዩን በጉግል ዶክ ጽፋችሁ ወደ ሳጥኑ ስትለጥፉ የአንቀጽ መግቢያ ክፍተት ይጠፋል፤ በአንቀጾች መካከል አንድ ባዶ መስመር ተዉ። ጥቅሶችና ሰረዞች ወደ እንግዳ ምልክት መቀየራቸውን እዩ። የአማርኛ ቃል በላቲን ፊደል ከጻፋችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ አጻጻፍ ይኑረው። ዕድርን አንድ ቦታ በአንድ «ዲ»፣ ሌላ ቦታ በሁለት መጻፍ የግድየለሽነት ምልክት ይሆናል።

ከዚያ የማመልከቻውን ፒዲኤፍ በፕሪቪው ክፈቱና ከላይ እስከ ታች ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሰፕሊመንቶቹ ላይ የሌላ ኮሌጅ ስም መቅረቱን ፈትሹ፤ በየዓመቱ የሚደገም ጥፋት ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ያላችሁ ከመጨረሻው ቀን ሦስት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። ለአንድ ኮሌጅ ከላካችሁ በኋላ ስሕተት ብታገኙ ዋናውን ኤሴይ ገና ላልላካችሁላቸው ማረም ትችላላችሁ፤ ለተላከው ግን ያው ነው፣ ለአንድ ፊደል ብላችሁ ለአድሚሽን ቢሮው ኢሜይል አትጻፉ። የተላከውን ፒዲኤፍ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፣ ለቃለ መጠይቅ ከተጠራችሁ ከሱ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።